የማይቆጠረው ሠራተኛ፦ በፌርፋክስ ዙሪያ የሚነሡት ሕንጻዎችና የጉዞ ፍላጎት አስተዳደር

በሎስ አንጀለስ ትልቅ ሕንጻ ለማስፈቀድ በሚቀርብ ሰነድ ውስጥ አንድ ቃል ኪዳን አይጠፋም። አልሚው ወደ ሕንጻው የሚመጣውን መኪና እንደሚቀንስ ይናገራል። ለሠራተኞች የአውቶቡስና የባቡር መሳፈሪያ እንደሚገዛ፣ የብስክሌት ማቆሚያ እንደሚሠራ፣ በአንድ መኪና ተጋርተው ለሚመጡ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። ባለሙያዎች ይህን የጉዞ ፍላጎት አስተዳደር ይሉታል። ትርጉሙ መንገድ ከማስፋት ይልቅ ወደ መንገዱ የሚወጣውን መኪና ከምንጩ መግታት ነው። እኛም ሐሳቡን እንደግፋለን። የምንከራከረው ቃሉ ለማን እንደተገባ፣ ማን ከቁጥር እንደወጣ፣ ሕንጻው ከተከፈተ በኋላም ቃሉ መፈጸሙን ማን እንደሚመረምር ነው።

አቋማችን ይህ ነው። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ያሉት ደንቦች በጠዋት ገብቶ በማታ የሚወጣውን፣ በትልቅ አሠሪ ደመወዝ መዝገብ ላይ የሰፈረውን የቢሮ ሠራተኛ ይቆጥራሉ። ቢሮውን በሌሊት የሚያጸዳውን፣ በሩን የሚጠብቀውን፣ ከምድር በታች ባለው ፓርኪንግ ቲኬት የሚቆርጠውን፣ በምድር ቤቱ ምግብ ቤት ሰሃን የሚያጥበውን አይቆጥሩም። ከኢትዮጵያ የመጣ ስደተኛ በዚህች ከተማ በብዛት የተሰማራው በየትኛው ሥራ እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። ሰውየው አልተቆጠረም ማለት ግን መኪናው የለም ማለት አይደለም። መኪናው የሆነ ቦታ መቆም አለበት፤ የሚቆመውም ቦታው ነጻ በሆነበት፣ ማለትም በአቅራቢያው ባሉ ትናንሽ ሱቆች ደጃፍና በመኖሪያ ሰፈሮች የውስጥ መንገድ ላይ ነው።

ጎዳናውና ወደ ጎዳናው የሚመጣው

ከተማዋ ከኦሊምፒክ ጎዳና እስከ ዊትዎርዝ ያለውን አጭር የፌርፋክስ ክፍል «ሊትል ኢትዮጵያ» ብላ በይፋ የሰየመችው በ2002 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጉዳዩን በምክር ቤቱ ውስጥ የገፉት በጊዜው የአካባቢው ተወካይ የነበሩት ኔት ሆልደን ነበሩ። ስያሜው ያኮራል፤ ነገር ግን ስያሜ ኪራይ አይከፍልም። ጎዳናውን ያቆሙት ምግብ ቤቶቹ፣ የእንጀራና የቅመማ ቅመም መደብሮቹና ቡና ቤቶቹ ናቸው። ሁሉም ዝቅ ባሉ አሮጌ ሕንጻዎች ውስጥ በኪራይ የሚሠሩ፣ አብዛኞቹ የራሳቸው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ የሌላቸው ናቸው። ደንበኞቻቸው ከሰፈሩ ብቻ የሚመጡም አይደሉም። ከኢንግልዉድ፣ ከሳን ፈርናንዶ ሸለቆና ከኦሬንጅ ካውንቲ ድረስ መኪና እየነዱ ለአንድ ማዕድ የሚሰበሰቡ ቤተሰቦች አሉ።

በዚህ ጎዳና ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ዓለም በፍጥነት እየተለወጠ ነው። በዊልሸርና በፌርፋክስ መገናኛ ላይ የአካዳሚው የፊልም ሙዚየም በ2021 ተከፍቷል። አጠገቡ የካውንቲው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዊልሸርን በድልድይ መልክ የሚሻገር አዲስ ሕንጻ ሠርቷል። ሜትሮ በዊልሸር ሥር የዘረጋው የምድር ውስጥ ባቡር ከሊትል ኢትዮጵያ አንድ ማይል እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ጣቢያ አለው። ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ በቤቨርሊና በፌርፋክስ ጥግ፣ 25 ኤከር በሚሸፍነው የቴሌቪዥን ሲቲ ግቢ ላይ ስቱዲዮና ቢሮ የሚያስፋፋውን ዕቅድ ምክር ቤቱ በ2025 መጀመሪያ አጽድቆታል።

ሕጎቹም ተለውጠዋል። ኤ.ቢ. 2097 የተባለው የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2023 መግቢያ ጀምሮ፣ ከዋና የሕዝብ ማመላለሻ ጣቢያ በግማሽ ማይል ክልል ውስጥ ከተሞች አልሚዎችን ለአብዛኞቹ የሕንጻ ዓይነቶች «ይህን ያህል የመኪና ማቆሚያ ሥሩ» ብለው እንዳያስገድዱ ከልክሏል። በ2025 የካቲት ገደማ የከተማው አዲስ የቤት ግንባታ ማበረታቻ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የተፈረመው ኤስ.ቢ. 79 ደግሞ በባቡር ጣቢያዎችና በፈጣን አውቶቡስ መስመሮች አቅራቢያ ከፍ ያሉ የመኖሪያ ሕንጻዎች እንዲፈቀዱ በሩን ከፈተ። እንግዲህ ሕንጻ ይመጣል። እኛም ይምጣ እንላለን። ልጆቻችን ኪራይ አቅቷቸው ወደ ላስ ቬጋስና ወደ ፊኒክስ ሲሄዱ እያየን ቤት አይሠራ ማለት አንችልም። በየስብሰባው «ትራፊክ» የሚለውን ቃል ቤት እንዳይሠራ መከልከያ በትር ያደረጉ ሰዎች በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አጋዥ አያገኙም።

ሰሌዳ የመስቀል ግዴታ

ሎስ አንጀለስ በዚህ ጉዳይ ጀማሪ አይደለችም። በ1984 የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ጊዜ አሠሪዎች የሥራ ሰዓት አዛነፉ፣ የጭነት መኪናዎች ዕቃ የሚያደርሱበትን ጊዜ ወደ ሌሊት አዞሩ፣ ተመልካቹም በአውቶቡስ ተጓጓዘ። ይጨናነቃሉ የተባሉት መንገዶች ያን ሰሞን ከወትሮው ተሻሉ። የደቡብ ጠረፍ የአየር ጥራት አስተዳደር ወረዳ በ1988 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ 15 አማካይነት፣ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ሁሉ ብቻቸውን በመኪና የሚመጡትን የሚቀንስበት ዕቅድ እንዲያቀርብ አስገደደ። በዘመኑ በአሜሪካ ውስጥ ከነበሩት የዚህ ዓይነት ደንቦች ሁሉ ይህን ያህል የራቀ አልነበረም። ውጤቱ መጠነኛ ቢሆንም የሚታይ ነበር። አሠሪዎች ግን ወጪው በዛብን ብለው ወደ ሳክራሜንቶ አቤት አሉ። በ1995 የክልሉ ሕግ አውጪዎች እንዲህ ያለውን ግዴታ በአሠሪዎች ላይ መጣል በአብዛኛው እንዲቀር አደረጉ። በቦታው የተተካው ደንብ 2202 በአንድ የሥራ ቦታ 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸውን ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ ለእነሱም ዕቅዱን ትተው በገንዘብ ወይም በብክለት መቀነሻ ሰርተፊኬት የሚወጡበት አማራጭ ሰጥቷል።

የከተማው የራሱ ደንብ በ1993 ወጣ። ለማመን የሚያስቸግር ስለሆነ በዝርዝር እንየው። ደንቡ መኖሪያ ያልሆኑ ሕንጻዎችን ብቻ ይመለከታል። ስፋቱ ከ25 ሺህ ካሬ ጫማ የሚበልጥ ሕንጻ የሚጠበቅበት ዋና ነገር የአውቶቡስ መስመሮችንና የጉዞ መጋራት አገልግሎት ስልኮችን የያዘ የማስታወቂያ ሰሌዳ መስቀል ነው። ከ50 ሺህ ካሬ ጫማ ሲያልፍ ተጋርተው ለሚመጡ መኪናዎች የተለየ ማቆሚያ ይጨመራል፤ ከ100 ሺህ ሲያልፍ ደግሞ ተሳፋሪ የሚወርድበትና የሚጫንበት ስፍራ፣ የእግረኛ መተላለፊያና የመሳሰለው። ሰሌዳው ተሰቅሎ ማንም ባያነበው፣ ማቆሚያው ተሠርቶ ማንም ባይጋራበት፣ ሕንጻው ደንቡን እንዳከበረ ይቆጠራል። ለመንገዱ የሚጠቅመው ስንት መኪና እንደቀረ ማወቅ ነበር፤ ደንቡ ግን ይህን አይጠይቅም።

የከተማው የፕላንና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ይህን ለመለወጥ ባለፉት ዓመታት ያዘጋጁት ረቂቅ በብዙ ይሻላል። መኖሪያ ሕንጻዎችን ይጨምራል፤ አልሚው ከተዘረዘሩ እርምጃዎች መካከል መርጦ እንደ ሕንጻው ስፋት የተወሰነ ነጥብ እንዲያሟላ ያዛል። ነገር ግን የነጥብ ሥርዓት ሁልጊዜ አንድ ድክመት አለው። ነጥቡ የሚሰጠው ለተገባው ቃል እንጂ ለቀረው መኪና አይደለም። ብስክሌት መታጠቢያ ክፍል ያለው ሕንጻ ነጥቡን ያገኛል፤ በክፍሉ ውስጥ መጥረጊያና ባልዲ ቢከማችበትም ነጥቡ አይቀነስም። ስለዚህ የደንቡ ዋጋ የሚወሰነው በማስፈጸሚያ መመሪያው ውስጥ በሚጻፈው ዝርዝር ነው፤ የሕግ አውጪዎች ረዳቶች ሊያተኩሩበት የሚገባውም እዚያ ላይ ነው። ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አንጻርም ችግሩ ያው ነው። ኤስ.ቢ. 743 ከወጣ ወዲህ ከተማዋ የአንድን ፕሮጀክት ጉዳት የምትመዝነው በመስቀለኛ መንገድ ላይ በሚፈጥረው ወረፋ ሳይሆን በሚያስነዳው የማይል ብዛት ነው። ለውጡ ትልቅና ትክክለኛ ነው። ዳሩ ግን አልሚው የጉዞ ቅነሳ እርምጃዎችን በስሌቱ ሰንጠረዥ ላይ ምልክት ባደረገ ቁጥር የማይሉ ብዛት በወረቀት ላይ ይወርዳል፤ ወረቀቱም ፈቃድ ያስገኛል።

ከቁጥር የሚያመልጠው ማን ነው?

ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። ደንብ 2202 የሚለካው ማንን እንደሆነ ይታይ። ስሌቱ በዋናነት የሚያርፈው በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 6 እስከ 10፣ በእኛ አቆጣጠር ከ12 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራ በሚገቡ ሠራተኞች ላይ ነው። ከምሽት ጀምሮ ፎቅ የሚያጸዳ ሰው በዚህ መስኮት አይታይም። 250 የሚለው ወሰንም ሌላ ወንፊት ነው። የጽዳት ድርጅቱ በከተማው ውስጥ አንድ ሺህ ሰው ቢቀጥርም በየሕንጻው የሚያሰማራው አሥር ወይም ሃያ ሰው ስለሆነ፣ በየትኛውም ቦታ ወሰኑን አይደርስም። የጥበቃ ድርጅቱም እንዲሁ ነው፤ ፓርኪንጉን የሚያስተዳድረው ድርጅትም እንዲሁ። የሕንጻው ባለቤት «እነዚህ የእኔ ሠራተኞች አይደሉም» ይላል። አሠሪያቸው «ሕንጻው የእኔ አይደለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ሠራተኛው ግን በየቀኑ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ነው።

ከዚህ የተነሣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ሰው አለ። በአሥረኛው ፎቅ ያለው ተቀጣሪ ከአሠሪው የባቡር መሳፈሪያ በነጻ ያገኛል፤ ድንገተኛ ጉዳይ ሲያጋጥመው ወደ ቤቱ የሚያደርሰው ታክሲ ይከፈልለታል፤ መኪና ቢመርጥም ማቆሚያ አለው። የእሱን ጠረጴዛ የሚወለውለው ሰው ማቆሚያውን መጠቀም አይፈቀድለትም፤ መሳፈሪያም አይሰጠውም። ሥራውን ሲጨርስ አውቶቡሶች ድግግሞሻቸው የሚሳሳበት ሰዓት ስለሆነ መኪና ይዞ ከመምጣት ሌላ ምርጫ የለውም። በፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው ወንድማችን የራሱን መኪና በሚሠራበት ፓርኪንግ ማቆም ላይችል ይችላል። ይህን ስንል አንዳንዶች ፈገግ ይላሉ፤ እኛ ግን ያላግባብ የተቀመጠ የሕግ ወሰን ውጤት እንጂ ቀልድ አድርገን አናየውም።

ገንዘቡ አይበቃም እንዳይባል ስሌቱን እናስቀምጥ። በሜትሮ የአንድ ጉዞ ዋጋ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። ከ2023 ጀምሮ አንድ ተሳፋሪ በሳምንት ውስጥ 18 ዶላር ከከፈለ በኋላ የቀረውን ሳምንት በነጻ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢመላለስ ከፍተኛው ወጪ 936 ዶላር ነው፤ ሜትሮ ለአሠሪዎች በጅምላ በሚሸጠው ሲሆን ከዚህም ይቀንሳል። ከምድር በታች የሚቆፈር አንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ብዙ አሥር ሺህ ዶላር ይፈጃል። ለስሌት ያህል 50 ሺህ ብንለው፣ አልሚው ሳይቆፍር የሚተወው አንዲት ቦታ ብቻ አምስት የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞችን ከአሥር ዓመት በላይ ታሳፍራለች። ኤ.ቢ. 2097 ከቦታ ግዴታ ያላቀቀው አልሚ ያተረፈውን ገንዘብ እያየን «ለጽዳት ሠራተኛ መሳፈሪያ አንችልም» ሲለን ዝም ብለን ልንሰማው አይገባም።

ሰው ምርጫ ሲሰጠው ጠባዩን እንደሚለውጥ በዚህችው ከተማ ተረጋግጧል። ካሊፎርኒያ በ1992 ባወጣችው ሕግ፣ ለሠራተኞቹ የመኪና ማቆሚያ የሚከራይ አሠሪ፣ ማቆሚያውን የማይፈልገው ሠራተኛ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ እንዲወስድ መፍቀድ አለበት። በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ያስተምሩ የነበሩት ዶናልድ ሹፕ ሕጉን የፈጸሙ ስምንት ድርጅቶችን መርምረው በ1997 ባወጡት ጥናት፣ ብቻቸውን እየነዱ የሚመጡት ከ76 በመቶ ወደ 63 በመቶ መውረዳቸውን አሳዩ። አሠሪዎቹ የጨመሩት ወጪ በአንድ ሠራተኛ በወር 2 ዶላር ገደማ ነበር። ማንም አልተገደደም፤ ገንዘቡ ብቻ በእጃቸው ተሰጣቸው። ይሁንና ይህም ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ላሏቸው፣ ማቆሚያውን ለሚከራዩ እንጂ በባለቤትነት ለያዙት አይደለም። ከመጀመሪያው ማቆሚያ ያልተሰጠው ሰውም የሚለውጠው ነገር የለውም።

ሰርቪስ

አዲስ አበባ ላደገ ሰው የጉዞ ፍላጎት አስተዳደር የሚለው ረጅም ስም እንግዳ ቢመስልም ነገሩ አዲስ አይደለም። «የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ» ስንል ኖረናል። ጠዋት በአስፋልቱ ዳር ቆሞ ሰርቪስ የሚጠብቅ ሰው መኪና ቢኖረውም ቤቱ ትቶት ይወጣል። ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት ገደማ መንግሥት ለመንግሥት ሠራተኞች ብቻ የሚሆን ነጻ የአውቶቡስ አገልግሎት በአዲስ አበባ አቋቋመ። ብዙ ሊተች ይችላል፤ የግሉ ሠራተኛ በሰልፍ ቆሞ በአጠገቡ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ማየቱ አንዱ ነው። ቢሆንም በአሠሪው ወጪ የሚሄድ አንድ አውቶቡስ ስንት መኪና እንደሚያስቀር ለእኛ በምሳሌ ማስረዳት አያሻም።

ከዚያው ከተማ የሚገኘው ሌላው ትምህርት የስህተት ነው። በጀሞና በየካ አባዶ የተሠሩት የኮንዶሚኒየም መንደሮች ቤታቸው ቀደመ፣ መጓጓዣቸው ዘገየ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፉን ከተቀበለ በኋላ ነው ወደ ሥራው የሚሄድበትን ታክሲ መፈለግ የጀመረው። በዊልሸር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባቡሩ ተዘርግቷል፣ በፌርፋክስ ላይ 217 ቁጥር፣ በኦሊምፒክ ላይ 28 ቁጥር አውቶቡስ ይሄዳል። የጎደለው ሠራተኛውን ከባቡሩ ጋር የሚያገናኝ ግዴታ ነው። ሌላ አገር ያሉ ወገኖቻችን ያላገኙትን ዕድል ይዘን መሳፈሪያውን የምንነፍገው ከሆነ ጥፋቱ የገንዘብ እጥረት አይደለም።

ከራሳችን ወገን የሚነሣው ተቃውሞ

ይህን አቋም ስናቀርብ ቀድሞ የሚሞግተን አልሚው ሳይሆን የራሳችን ነጋዴ ነው። «ደንበኛዬ በመኪና ነው የሚመጣው፤ መኪና ይቀነስ ስትሉ የእኔን ገበያ ነው የምትቀንሱት» ይላል። ሥጋቱን አናቃልልም። ነገር ግን በደጁ ላይ ያለውን ቦታ ማን እንደያዘው ቆሞ ይቁጠር። ቀትር ላይ ክትፎ ሊበላ የመጣ ደንበኛ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል። በአካባቢው ሕንጻ የሚሠራ፣ ማቆሚያ የተነፈገ ሰው መኪናውን ስምንት ሰዓት ያቆማል። አንዱ ሠራተኛ በአውቶቡስ ከመጣ ስምንት ደንበኞች ቦታ ያገኛሉ። ከሕንጻው የሚቀረው መኪና እንግዲህ ለነጋዴው ትርፍ ነው፤ ጉዳት የሚሆነው ቃሉ ተገብቶ ሳይፈጸም ሲቀር ነው።

የነጋዴው ሥጋት እውነት የሚሆንበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ እዚህ ላይ ከለውጥ አራማጅ ወዳጆቻችን ጋር እንለያያለን። ኤ.ቢ. 1317 የተባለው ሕግ በሎስ አንጀለስ ካውንቲና በሌሎች ዘጠኝ ካውንቲዎች፣ ከ2025 ጀምሮ የሚከፈቱ 16 እና ከዚያ በላይ ቤቶች ያሏቸው አዳዲስ የኪራይ ሕንጻዎች የመኪና ማቆሚያን ከቤት ኪራይ ለይተው እንዲያከራዩ ያዛል። መኪና የሌለው ተከራይ ለሌለው መኪና መክፈል አይገባውምና ሕጉ ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን መኪና ያለው ተከራይ በሕንጻው ውስጥ ከፍሎ ከማቆም ይልቅ መንገድ ላይ በነጻ ቢያቆም ማን ይከለክለዋል? የበለጸጉት ሰፈሮች ፈጥነው የነዋሪ ፈቃድ ቀጠና ያስደነግጉና መንገዳቸውን ይዘጋሉ። ያልተደራጀው ሰፈርና የንግዱ ጎዳና የቀረውን ሁሉ ይቀበላሉ። ስለ መንገድ ዳር ቦታ ሳይነጋገሩ ስለ ሕንጻው ብቻ የሚነጋገሩ ወዳጆቻችን ሒሳቡን ለሊትል ኢትዮጵያ እየላኩት ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ፓሳዲና ድረስ መሄድ ይበቃል። የፓሳዲና ከተማ በ1993 በአሮጌው የንግድ ሰፈሯ የማቆሚያ ሜትር ስትተክል ነጋዴዎቹ ደንበኛ ይሸሻል ብለው ተቃውመው ነበር። የሐሳብ ለውጥ የመጣው ገንዘቡ ወደ ከተማው ጠቅላላ ካዝና ሳይሆን ለዚያው ሰፈር ጽዳት፣ መብራትና የእግረኛ መንገድ እንዲውል ሲወሰን ነው። ሰፈሩ ዛሬ በካውንቲው ውስጥ ሰው በእግሩ ከሚንሸራሸርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በፌርፋክስ ላይ ከሜትር የሚሰበሰበው ገንዘብ በፌርፋክስ ላይ ቢቀር የጎዳናው ነጋዴ ሜትሩን እንደ ጠላት አያየውም።

አልሚዎች የሚያነሡት ተቃውሞ ደግሞ ይህ ሁሉ ግዴታ ቤት ያስወድዳል የሚል ነው። ለአነስተኛና በገቢ ለተገደበ ሕንጻ እውነት ሊሆን ስለሚችል፣ ሙሉ በሙሉ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የሚሠሩ ቤቶች ከክትትሉ ወጪ ነጻ ቢሆኑ አንቃወምም። የስቱዲዮና የቢሮ ሕንጻ ባለቤት ግን በዚህ ጥላ ሥር ሊጠለል አይገባም።

የምንጠይቀው

ከሁሉ በላይ የምንጠይቀው የ«ሠራተኛ» ትርጉም እንዲለወጥ ነው። በከተማው ማስፈጸሚያ መመሪያ ውስጥ ሠራተኛ ማለት፣ ቼኩን ማንም ይፈርምለት ማን፣ በሕንጻው ውስጥ በመደበኛነት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይሁን። የጽዳት፣ የጥበቃ፣ የፓርኪንግና የምግብ አገልግሎት ውል ሲፈረም፣ ለሕንጻው ተከራዮች የተሰጠው የመሳፈሪያ ጥቅም ለእነዚህም እንዲደርስ ውሉ ራሱ ያስገድድ። ቆጠራውም ጠዋት ብቻ ሳይሆን ቀኑንና ሌሊቱን ያካትት። ከተማው ይህን ለማድረግ የሳክራሜንቶን ፈቃድ መጠበቅ የለበትም። በ1995 የተከለከለው በነባር አሠሪዎች ላይ የሚጣለው ግዴታ ሲሆን፣ እኛ የምንለው አዲስ ሕንጻ ሲፈቀድ ከመሬት አጠቃቀም ፈቃድ ጋር ስለሚያያዝ ቅድመ ሁኔታ ነው።

ሁለተኛው ነገር ክትትል ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ2017 ባጸናችው ፕሮግራም ግዴታውን ከማቆሚያ ቦታ ብዛት ጋር አስራዋለች፤ ብዙ ቦታ የሚሠራ አልሚ ብዙ ነጥብ ያሟላል፣ ሕንጻው እስካለ ድረስም ክትትል ይደረግበታል። በማሳቹሴትስ የምትገኘው ካምብሪጅ ደግሞ ከ1998 ጀምሮ ማቆሚያ የሚያሠሩትን በየዓመቱ እንዲቆጥሩና እንዲያሳውቁ ታስገድዳለች፤ ቃሉን ያላከበረውን ማቆሚያ እስከ መዝጋት የሚደርስ ሥልጣንም አላት። በኛ ከተማ ሪፖርት ሲኖር እንኳ በመሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ይቀራል። ሪፖርቱ በየሕንጻው ስም በይፋ ይውጣ። ያልተሳካለት ሕንጻ በመጀመሪያው ዓመት ዕቅዱን ያሻሽል፤ በሁለተኛው ገንዘብ ይክፈል፤ ገንዘቡም በቀጥታ በአካባቢው ለሚሠሩ ሰዎች መሳፈሪያ መግዣ ይዋል።

የመንገድ ዳር ቦታውን ጉዳይ ከላይ ብለነዋል። እዚህ ላይ የምንጨምረው፣ በአካባቢው አዲስ የነዋሪ ፈቃድ ቀጠና ከመደንገጉ በፊት በንግዱ ጎዳና ላይ የሚያስከትለው ጫና እንዲጠና፣ የሜትር ገቢውም ድርሻ በሕግ እንዲወሰን ነው።

ጊዜው አጭር ነው። የ2028 ኦሊምፒክ በጁላይ ወር ይከፈታል፤ ከተማዋም ተመልካቹን በሕዝብ ማመላለሻ እንደምታጓጉዝ ቃል ገብታለች። ለሁለት ሳምንት እንግዳ የሚዘጋጀው አውቶቡስ ለሃያ ዓመት ነዋሪ የማይሆንበት ምክንያት የለም። በኤስ.ቢ. 79 መሠረት የሚቀርቡት ማመልከቻዎች የሚታዩት ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ነው። ፈቃዱ አንዴ ከወጣ ቅድመ ሁኔታ መጨመር አይቻልም።

ለምክር ቤት አባላት ረዳቶች አንድ ተግባራዊ ሐሳብ አለን። በዊልሸርም ሆነ በኦሊምፒክ ላይ የሚነሣ ፕሮጀክት በፕላንና መሬት አጠቃቀም ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ፣ አባሉ አልሚውን የሚጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች በገጹ ላይ ተጽፈው ይቅረቡለት። ሕንጻው ሲከፈት በውስጡ በኮንትራት ድርጅት በኩል የሚሠሩት ስንት ይሆናሉ? ከምሽት በኋላ የሚገቡትስ? ለእነዚህ ሰዎች የተያዘው የመሳፈሪያ በጀት በየትኛው ገጽ ላይ ይገኛል?